የቅሬ ዕቃ

ሰዎች ደፋር ይሉኛል። ገና በአፍላነቴ ጅዳ ሄጄ የሰው ቤት ሠርቼ ስለመጣሁ፣ ከመጣሁም በኋላ ሐይቅ ከተማ ብቻዬን ቤት ተከራይቼ ዓሣ እየጠበስኩ ስለኖርኩ እንደዚያ መስሏቸው ነው። እኔ ግን የለየልኝ ፈሪ ነኝ። ደመና እፈራለሁ። የባትሪ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ሲሄድ እፈራለሁ። ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን ጥሩምባ ነው። ይሄን ለማስረዳት ከቅሬያችን መጀመር አለብኝ።

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። የእኛ መንደር ከውጫሌ በላይ ነው። ባጃጅ እስከ ወንዙ ድረስ ታደርስሃለች፤ ከወንዙ ወዲህ ያለው የአምባሰል አቀበት የእግር ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው ያለው። ጥሩምባ ሲነፋ ቅሬ ተጠራ ማለት ነው፤ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ የታመመ ሰው በቃሬዛ ሊወርድ ነው። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ቅሬው የጋራ ዕቃ አለው፤ ድንኳን፣ ጎላ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ቃሬዛ። ዕቃው የሚተዳደርበት ሕግ አጭር ነው። ጥሩምባ ወደተነፋለት ቤት ይሄዳል። አንድ ቤት ለቅሶ ተቀምጦ ድንኳኑ ገና ባይበቃው እንኳ፣ ሌላ ቤት ከተነፋ ድንኳኑ ተነቅሎ ይሄዳል። በዚህ ያኮረፈ ሰው አይቼ አላውቅም።

ያን ጥሩምባ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ይነፋ የነበረው አባቴ ነው። ጉብታው ላይ ወጥቶ ሲነፋ ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር ይላሉ። እኔ የማስታውሰው ነፍቶ ሲመለስ ፊቱ የሚመስለውን ነው። ማን እንደሞተ ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ስለነበር፣ ውኃ ጠጥቶ ጥግ ይቀመጥና ለረጅም ሰዓት አያናግረንም ነበር።

በወጣትነቱ ያሳለፈው የሳንባ ነቀርሳ ታክሞ ቢድንም ጠባሳውን ትቶበት ኖሮ፣ እያረጀ ሲሄድ ትንፋሹ ያጥር ጀመር። መጀመሪያ ጉብታው ከበደው፣ ከዚያ መስጊድ መሄድ፣ ከዚያ ከመደቡ እስከ በሩ። የዓሣ ሥራዬን ዘግቼ መጣሁ። «የዓሣ ሽታሽ ገና አለቀቀሽም፤ ድመቷ እኔን ትታ አንቺን ተከተለች» ይለኝ ነበር፣ በየቃሉ መሀል እየተነፈሰ። ደሴ ወስጄ ሳሳየው ሐኪሙ አንገቱን ነቀነቀና የሚረዳው ቤት ውስጥ ኦክስጅን ማግኘት ነው አለኝ። ኦክስጅን ከአየር ለቅሞ የሚሰጥ ማሽን አለ። መብራት ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ግን የመብራት ምሰሶ ከወንዙ ማዶ ነው የቆመው። ስለዚህ ማሽኑን ብቻ ሳይሆን የሶላር ሰሌዳዎቹንም ባትሪዎቹንም መግዛት ሊኖርብን ነው። ዋጋውን ሰምቼ ደሴ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከጅዳ ይዤው የመጣሁት ሁሉ ቢደመር የማሽኑን ሩብ አይገዛም።

ለቅሬው የነገርኩት እኔ አይደለሁም። ያነሡት ቄሱ ናቸው። ቄሱ ከገደሉ ማዶ ያሉ ጎረቤታችን ሲሆኑ፣ የቅሬው ምክትል ናቸው፤ ዳኛው ማለትም ሰብሳቢው ደግሞ ሐጅ የደረሱ ሽማግሌ ናቸው። በእኛ ቅሬ አዲስ ነገር የሚጸናው ሁሉም ከተስማማ ብቻ ነው። አንድ ቤት እጁን አውጥቶ ከተቃወመ ነገሩ ይወድቃል። ያን ቀን አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

«የቀብር ገንዘብ ለቀብር ነው» አሉ። «በቁሙ ላለ ሰው ከሬሳ ገንዘብ ማውጣት፣ ያረቢ፣ ሞትን ና ማለት እንዳይሆንብን።»

ሰዉ ተንጫጫ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ በነጠላዬ አፌን ይዣለሁ። እኚህ ሰው የተናገሩት የራሴን ፍርሃት ነበር።

ቄሱ ተነሡና «ይሄ ሰው የስንታችንን እናት አባት በትንፋሹ አስቀበረ?» አሉ። «አሁን ትንፋሹ አለቀ። ለእሱ ትንፋሽ ካልገዛንበት፣ ገንዘቡን አስቀምጠን ምን ልናደርግበት ነው?»

ሽማግሌው እጃቸውን አወረዱ።

የጎደለውን ዓረብ አገር ያሉ የመንደራችን ልጆች ሞሉት። ማሽኗ ከደሴ እስከ ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከውጫሌ እስከ ወንዙ በባጃጅ፣ ከወንዙ እስከ ቤታችን በቃሬዛ መጣች። አዎ፣ በቃሬዛ፤ ሌላ የሚያስተማምን ነገር ስላልነበረን። አራት ሰው ተሸክሟት ሲወጣ ከሩቅ ያየች አንዲት ሴት ደረቷን እየመታች ወጣችና የሆነውን ስታውቅ አፍራ ተመለሰች። ከሐይቅ የመጣ ባለሙያ ሰሌዳዎቹን ጣራችን ላይ አሰረልን። «ደመና ሲበዛ ቆጥባችሁ ተጠቀሙ» ብሎኝ ሄደ። ትንፋሽ እንዴት እንደሚቆጠብ ግን አልነገረኝም።

ማሽኗ የገባች ዕለት ዳኛው መጥተው ምርቃት አደረጉ። ሲጨርሱ «እንግዲህ ይቺም የቅሬ ዕቃ ናት፤ እንደ ሌላው ዕቃ ናት» አሉ። ሁሉም አሚን አለ። እኔም ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ አሚን አልኩ። አባቴ ቱቦውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ከንፈሩ ከጥቁር ወደ ሰው መልክ ሲመለስ እያየሁ ስለነበር የተባለውን በጆሮዬ እንጂ በልቤ አልሰማሁትም። ማንም በክፋት ያለው ነገር አይደለም። የጋራ ዕቃ ስለሚተዳደርበት መንገድ ቅሬው የሚያውቀው ሕግ ያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱኑ ለማሽኗ ሰጣት። ጎላ ከአንድ ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት ቢሄድ ግን ጎላ የወጣበት ቤት ሰው አይታፈንም።

ይሄ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ልብስ እያሰጣሁ ነው። ጥሩምባ ተነፋ። የሞቱት አንድ የታችኛው ሰፈር ሽማግሌ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸውና ማሽን የሚያስፈልጋቸው ሰው አልነበሩም። ነገር ግን ድንኳኑን ሊወስዱ የመጡት ሰዎች በደጃችን ሲያልፉ፣ እጄ ላይ ያለው ልብስ ወደቀ። ድንኳኑ እንደሚሄድ ማሽኗም ትሄዳለች። ጥሩምባው ለታመመ ሰው ቢነፋስ? ገብቼ አባቴን አየሁት፤ በእሱ ቦታ በተተካው ጥሩምባ ነፊ እየሳቀ ነበር። «ይሄ ሰውዬ ጥሩምባውን እንደ ትኩስ ሾርባ ነው እፍ እፍ የሚለው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ፍርሃት ያሳለፍኩት ቀን የለም። ውኃ ስቀዳ ጆሮዬ ጉብታው ላይ ነው። በሰላት መሀል እንኳ ጆሮዬ እዚያው ነው። ለአባቴ አልነገርኩትም፤ እሱ ሕጉን ከእኔ አስቀድሞ እንደሚያውቀው ሳላስብ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ሐምሌ በእኛ ተራራ ጭጋግ ነው። ሰሌዳዎቹ ፀሐይ ሳያዩ ይውላሉ፣ የባትሪዎቹ መብራት ይቀላል፣ እኔ ጣራ ላይ ወጥቼ ሰሌዳ እጠርጋለሁ። ብጠርገውም ለውጥ የለውም፤ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አልችልም ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ጥሩምባው ተነፋ። ነጠላዬን ሳልይዝ ወጣሁ። አንዲት ሴት በደጃችን እየሮጠች «አራሷ ናት፣ የቄሱ ምራት» አለችኝ። ወልዳ ገና ሳምንቷ ነበር። ሳል ይዟት እንደሰነበተ ሰምቼአለሁ፤ የሳንባ ምች ሆኖ ኖሯል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ ጣቷ ላይ መለኪያ ስታደርግላት ኦክስጅኗ ወርዶ አግኝታዋለች። ወደ ውጫሌ ጤና ጣቢያ እንዳትወርድ ወንዙ ሞልቷል። እስኪጎድል ድረስ ያለው መድኃኒት ተሰጥቷታል፤ የቀረው ትንፋሽ ነው።

በሩ ላይ ቆምኩ። ሰዎቹ በጭቃው እየተንሸራተቱ መጡ፤ ዳኛው ከፊት፣ ቄሱ ከኋላ። ቃሬዛው ተይዟል። የቄሱ ጋቢ ርሶ ከላያቸው ተጣብቋል፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

«ልጄ» አሉ ዳኛው።

«አይሆንም» አልኩ።

«አውቃለሁ፤ አብሽሪ እስቲ...»

«ምኑን ነው የማብሽረው? እሱንስ ማን ሊያስተነፍሰው ነው? እሷን እዚህ አምጧት፤ ሁለቱም ይጠቀሙ።»

«አራስ በዚህ ዝናብ ገደል እናሻግር? መንገድ ላይ ትቀርብናለች።»

«እሱን ውሰዱት እንግዲህ!»

አንዱ ከኋላ «ተኝቶ መተንፈስ አይችልም እኮ» አለ ዝቅ ብሎ። እውነቱን ነው። አባቴ ጀርባው ትራስ ተደግፎ ካልተቀመጠ ይታፈናል፤ ቃሬዛ ላይ ተቀምጦ ደግሞ በዚያ ጭቃ ገደል የሚወርድ ሰው የለም። ይሄን ከሁላቸውም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ግን ከበሩ አልተነሣሁም። ሁለት እጄን በመቃኖቹ ላይ አድርጌ ቆሜአለሁ፤ ዝናቡ ፊቴን ይመታኛል። ሊገፉኝ ይችሉ ነበር። ማንም አልነካኝም።

ቄሱ ያን ጊዜ ነው የተናገሩት። «የልጄ ሚስት ስለሆነች አፌን ይዤ ነው የመጣሁት» አሉ። «እንቢ ካልሽ እመለሳለሁ። እኔ አንቺን አልፌ አልገባም።»

ከሁሉም የባሰ ያስፈራኝ ይሄ ነው። እንዲገፉኝ ፈልጌ ነበር። እኔ ሳልፈቅድ ቢወስዷት ይሻለኝ ነበር።

ከኋላዬ የማሽኗ ድምፅ ቀጥ አለ። ዞር ስል አባቴ ቱቦውን ከአፍንጫው አውልቆ፣ በእጁ ማጥፊያውን ተጭኖ፣ ሽቦውን እየጠቀለለ ነው። ቀስ ብሎ፣ በሥርዓት፣ ገመድ እንደሚጠቀልል ሰው። «ግቡ» አለ። «ባትሪዎቹ እስከ ነገ ይበቋታል፤ ከባድ ናቸውና ሁለት ሁለት ሆናችሁ ያዙ። ልጄን አውፍ በሏት፤ ፈርታ ነው።»

ከበሩ ዘወር አልኩ። ወሰዷት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት እንዴት እንዳለፈ ለመናገር ይከብደኛል። ደሴ ያለች አንዲት ነርስ ያለማሽን መተንፈስ አስተምራው ነበር፤ በአፍንጫ መሳብ፣ ከንፈርን እንደ ማፏጨት አድርጎ ቀስ ብሎ ማውጣት። ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ተቀመጠና እንደዚያ ይተነፍስ ጀመር። እኔ ከፊቱ ተቀምጬ አብሬው እተነፍሳለሁ። እሱ ሲስብ እስባለሁ፣ እሱ ሲያወጣ አወጣለሁ። ካቆምኩ የሚያቆም መሰለኝ። የሰፈር ሴቶች መጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ፤ ዱዓ የምታደርገው ዱዓ ታደርጋለች፣ የምታማትበው ታማትባለች። አንዷ ውኃ ሰጠችኝ፤ ለመዋጥ ትንፋሼን ማቋረጥ ስለነበረብኝ እንቢ አልኳት። ጥፍሮቹ ሲጠቁሩ አየሁ። በልቤ አራሷን ረገምኳት። ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩና አስተግፊሩላህ አልኩ፤ እርግማኔ ቢደርስ ጥሩምባው የሚነፋው በእኔ ምክንያት ነዋ። ልጇ ገና ስም አልወጣለትም።

አባቴ በመሀል እጄን ያዘኝና «ያንቺ ትንፋሽ እኮ ፈጣን ነው» አለኝ። «እኔን ተከተይ እንጂ አትምሪኝ።»

ነጋ። ሌሊቱ ዝናብ አልነበረውምና ወንዙ ጎደለ። አራሷን ከነማሽኗ ተሸክመው ወደ ውጫሌ ወረዱ፤ በእኛ ደጅ ሲያልፉ ወጥቼ አየሁ። ቃሬዛው ላይ ብርድ ልብስ ብቻ ነው የሚታየው። ሕፃኑን አያቱ ታቅፋዋለች። ማሽኗ በአንድ ጎልማሳ ጀርባ ላይ በነጠላ ታስራለች፤ ቱቦው ከእሱ ትከሻ ወደ ብርድ ልብሱ ይገባል፤ ባትሪ የያዘው ሰው ሽቦው እንዳይወጠር ጎን ለጎን ይሮጣል። አባቴን ትቼ ልከተላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ሰው ማሽን ሊከተል ያምረዋል ብል ማን ያምነኛል?

ጤና ጣቢያው የራሱ ኦክስጅን ስላልነበረው ማሽኗ እዚያው ሆና ቀናት አለፉ። አባቴ እየመነመነ፣ ከንፈሩን ሰብስቦ እየተነፈሰ፣ ቁጭ ብሎ እያንቀላፋ ቆየ። እኔ ቤት ውስጥ እያለሁ በጥሩምባው በኩል ሁለት ፍርሃት ያዘኝ፤ አራሷ ብትሞት ይነፋል፣ አባቴ ቢሞት ይነፋል። ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ስለሆነ ሰው እየወጣ ይደውላል። «ኸይር ነው፣ ተሽሏታል» የሚል ቃል ሲመጣ እንኳ ወዲያው አላመንኩም። በመጨረሻ የአራሷ ባል ራሱ ማሽኗን ተሸክሞ አቀበቱን ወጣ። ቤታችን ገባ፣ አስቀመጣት፣ ሽቦውን ሰካ፣ አባቴን ጉልበቱን ስሞ ወጣ። ማሽኗ ስትነሣ የምታሰማውን ድምፅ ስሰማ ነው ከተወሰደች ወዲህ መጀመሪያ ያለቀስኩት።

ቅሬው ክረምቱ ሲያልፍ ተሰበሰበ። ስለምን እንደሚነጋገር አስቀድሜ አውቄአለሁ፤ ቄሱ ነግረውኛል። ማሽኗ አባቴ በሕይወት እስካለ ከቤታችን እንዳትነሣ ሕግ ሊያወጡ ነው። ለሌላ ታማሚ ቅሬው ሌላ መላ ይፈልጋል። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ለአባቴ ነገርኩት። ከቤቱ መውጣት ስለማይችል የቤታችንን ቦታ የምይዘው እኔ ነኝ።

እስክጨርስ ሰማኝና «ትቃወሚያለሽ» አለኝ።

«ምን?»

«እጅሽን ታወጫለሽ። አንድ እጅ ይበቃል።»

«አባ፣ አብደሃል?»

«ሌላ መላ የት አለ? መላው ይቺ ናት።» አረፍ ብሎ ተነፈሰ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፍቼ ሕዝብ አስወጣሁ። አሁን ቱቦ አፍንጫዬ ላይ ተክዬ፣ ጥሩምባ እየሰማሁ፣ እኔ ብቻ ሳልወጣ ልቀር ነው? እኔ በምን ልውጣ? የምወጣው በይቺ ብቻ ነው።»

«ያኔ በመከራ ነው የተረፍከው። ሌላ ጊዜ አትተርፍም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ አልችልም። እፈራለሁ።»

«እኔስ የማልፈራ መሰለሽ?» አለኝ። «እንዴት አድርጌ እንደምፈራ። እየፈራሽ እጅሽን አውጪ።»

ስብሰባው ከመስጊዱ በታች፣ ዋርካው ሥር ነበር። በመንገድ ላይ ስሄድ ለራሴ ነገር ስፈጥር ነበር። እጄን ባላወጣስ? እሱ አያይ፣ አይሰማ። ተቃወምኩ ግን አልሰሙኝም እላለሁ። ማሽኗ ቤታችን ትቀራለች፣ እኔም በሰላም ልብስ አሰጣለሁ። ጥሩምባ ቢነፋ ይነፋል። ይሄን ሁሉ አስቤ ውሳኔ ላይ ደርሼ ነበር።

ቄሱ ነገሩን አቀረቡ። ምራታቸው ከሴቶቹ መሀል ልጇን አዝላ ቆማለች፤ ፊቷ ገና አልሞላም። ያን ጊዜ በቀብር ገንዘብ የተቃወሙት ሽማግሌም ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ። ዳኛው ዙሪያውን አዩና «የተስማማ ዝም ይበል። የሚቃወም ቤት እጁን ያውጣ» አሉ።

ሁሉም ዝም አለ። ለእኔ ብለው ነው ዝም ያሉት፤ መንደሩ በሙሉ። ሕፃኑ እናቱ ጀርባ ላይ ተነጫነጨና ተወ።

እጄን አወጣሁ። በሌላው እጄ ክርኔን ደግፌ ያዝኩት። ዳኛው አዩኝ፤ አይተውም ያላዩ መሰሉ። ፊታቸውን ወደ ዋርካው አዙረው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አንድ በአንድ ይገፉ ጀመር። እጄን እንዳወርድ ጊዜ እየሰጡኝ እንደሆነ ገባኝ። አላወረድኩም።